ግርማ የተጣራበት ሰርጥ

ከካልጋሪ የተነሳነው በመስከረም፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መድረሻችን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ ላይ ያለችው ፕሪንስ ሩፐርት ናት። የሄድነው አንዲት ጥያቄ ይዘን ነው።

ጥያቄዋ የሙሉነሽ ናት። ባለቤቷ ግርማ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይሠራባት የነበረችው የሳልመን ማጥመጃ ጀልባ በነሐሴ መጨረሻ ሰጠመች። ሽማግሌው ተረፈ። ግርማ አልተረፈም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ሽማግሌው ከሆስፒታል ሆኖ ስልክ ደውሎላት ነበር፤ ነገር ግን እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ደግሞ እንግሊዝኛው በደንብ አይገባትም፤ "ሶሪ፣ ሶሪ" ከሚለው በቀር የጨበጠችው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ካልጋሪ ዶቨር ሰፈር ካለው ቤቷ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ሁሉ እጁን ይዛ፣ "ተጣርቶ ነበር ወይ? ሬዲዮ ነበራቸው አይደል? እንዴት ማንም አይሰማውም?" ትላለች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

"ካሳሁን፣ አንተ የሬዲዮ ሰው ነህ። አርባው ሳይደርስ ሄደህ አጣርተህ ንገረኝ" አለችኝ።

እውነት ነው፣ የሬዲዮ ሰው ነበርኩ። እኔና ግርማ ምፅዋ በባሕር ኃይል አንድ መርከብ ላይ አገልግለናል፤ እሱ ሞተር ክፍል፣ እኔ ሬዲዮ ክፍል። በሱዳን በኩል አብረን ወጣን፣ ካልጋሪም አብረን ገባን። እኔ ፎረስት ሎውን ውስጥ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እሱ ይሠራበት የነበረው የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ ሌይ ኦፍ ካደረገው ጀምሮ ሦስት በጋ ወደ ጠረፍ እየሄደ ዓሣ ሲያጠምድ ነበር።

ለሙሉ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ያን ዓመት በሚያዝያ ግርማ ሱቄ ደወለልኝ። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጀርባውን ከፍቼ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ነበር ያነጋገርኩት፤ ባለ ቴሌቪዥኑም ፊት ለፊቴ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

"ካፕቴኑ ለጀልባዋ የድረሱልኝ መጥሪያ ሊገዛ ነው" አለኝ ግርማ። "አንዱ ኤስ ኤስ ቢ የሚባለው ትልቁ ሬዲዮ ነው። አንዱ ደግሞ ቢከን ይሉታል፣ ሳተላይት የሚያናግር። አሁን ያለን ትንሹ፣ ቪ ኤች ኤፍ የሚባለው ብቻ ነው። ምን ይሻላል?"

"ቪ ኤች ኤፋችሁ ጤነኛ ከሆነ ይበቃችኋል" አልኩት። "አንቴናውን ከፍ አድርጉት። ቻናል አሥራ ስድስትን ሁሉም ሰው ይሰማዋል።"

ሦስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ወደ ቴሌቪዥኔ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ቀን

አብራኝ የሄደችው የግርማ ልጅ ሜሮን ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ሙሉ እንዳትሄድ ለምናት ነበር፤ ልጅቷ ግን ቦርሳዋን አዘጋጅታ መኪናዬ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ሙሉ ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል በላስቲክ ቋጥራ በመስኮት ሰጠችን፤ ወደ ልጇ ፊት ሳታይ ተመልሳ ገባች።

ከካልጋሪ ወደ ምዕራብ ሜዳው ቶሎ ያልቃል። አንድ ሰዓት እንደነዳን ተራሮቹ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ያዙት። ሜሮን የምትሰማው የካልጋሪ ኤፍ ኤም ሙዚቃ መንተባተብ ጀመረ፤ አንዱን ተራራ ስንዞር ጭራሽ ጠፍቶ ሹሹታ ብቻ ቀረ። ቁልፉን አዙራ ወደ ኤ ኤም ወሰደችው። እየተንጫረረም ቢሆን የአንድ ሰውዬ ድምፅ ስለ ስንዴ ዋጋ ሲያወራ መጣ።

"ዋይ? ይሄኛው ለምን ይሰማል?" አለችኝ።

"ኤፍ ኤም እንደ ባትሪ መብራት ነው" አልኳት። "ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፊቱ ነገር ከቆመ ይጋረዳል። ኤ ኤም ደግሞ ምድሩን ይዞ እየተሳበ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሩቅ ይደርሳል።"

ትንሽ አሰበች። "ዳዲ ጀልባ ላይ የነበረው የትኛው ነው? ላይክ ኤፍ ኤም ነው ወይስ ላይክ ኤ ኤም?"

"ቪ ኤች ኤፍ ነው። እንደ ኤፍ ኤሙ ነው።"

በመስኮት ወደ ተራሮቹ አየች። እኔ ግን ምፅዋ ትዝ አለኝ። ምፅዋ ላይ ተራራው ከኋላችን ነው፤ ከፊታችን ያለው ጠፍጣፋ ባሕር ብቻ ነበር። በዚያ ሙቀትና ወበቅ የቪ ኤች ኤፍ ድምፅ ከአድማስ ማዶ ካሉ መርከቦች ሳይቀር ይመጣ ነበር። ያን ቀን ስልኩን ይዤ ለግርማ የመለስኩለት እዚያ ባሕር ላይ ሆኜ ነው። እሱ የሚያጠምድበት ጠረፍ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ከሌክ ልዊዝ ወደ ሰሜን ታጥፈን በበረዶ ግግሩ መንገድ ወጣን። ቱሪስቶች አውቶቡሳቸውን አቁመው ፎቶ ይነሳሉ። ጃስፐር ደርሰን ቤንዚን ስንሞላ አንዲት ጃፓናዊት ካሜራዋን ለሜሮን ሰጥታ ፎቶ አንሺኝ አለቻት፤ ሜሮንም አነሳቻት፣ ፈገግ ብላም መለሰችላት። መኪና ውስጥ ስትገባ ግን ፈገግታው አብሯት አልገባም።

ማታ ላይ ፕሪንስ ጆርጅ ገባን። ከተማዋ የወረቀት ፋብሪካ ጭስ፣ የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ሽታ ትሸታለች። ሞቴሉ ለአንድ ክፍል ሃምሳ ሁለት ዶላር አስከፈለን፤ ሁለት ክፍል ወሰድን። የሙሉን እንቁላል በጨው በልተን ተኛን።

ሁለተኛው ቀን

ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ጠረፍ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። የመንገዱ ቁጥርም እንደዚያ ቻናል አሥራ ስድስት ነው። በየታጠፍንበት ያ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ዋለ።

በርንስ ሌክ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ቆመን የገብስ ሾርባ በላን። ሾርባውን ያመጡልን ሴትዮ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የአገሬው ተወላጅ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ሜሮን "አባቴ ባሕር ላይ ነው የሞተው" አለቻቸው፣ እንዲህ እንደ ቀላል። ሴትዮዋ ትሪያቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። የእሳቸውም ወንድም ከዓመታት በፊት በዚያው ጠረፍ ላይ ጠፍቶ እንደቀረ ነገሩን። "ቦታውን እይው" አሏት። "እኔ ሳላየው ነው የቀረሁት። ያላዩት ቦታ በሐሳብ እየተለወጠ ሰው አያስተኛም።" የሾርባውን ዋጋ አልቀበልም አሉ።

ከቴራስ በኋላ መንገዱ ስኪና የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል። ወንዙ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ወዴት እንደሚፈስ እስከማይታወቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ውሃው ጨው ጨው መሽተት ይጀምራል። ዝናቡ እዚያ ጀመረን፣ እስክንመለስም አልተወንም። ፕሪንስ ሩፐርት ከተራራ ሥር የተለጠፈች፣ ጣሪያዋ ሁሉ ሙጭልጭ ያለ፣ ዓሣ ዓሣ የምትሸት ከተማ ናት። እራት በገባንበት ቤት ሜኑው ላይ ያለው ሁሉ ዓሣ ነው። ሁለታችንም በአንድ ሳንባ የምንተነፍስ ይመስል እኩል የድንች ጥብስ አዘዝን።

ሦስተኛው ቀን

ሽማግሌው ካፕቴን አርኔ ይባላል። አያቶቹ ከኖርዌይ የመጡ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው የደረሰ፣ ረጅምና ጎባጣ ሰው ነው። ቤቱ ከወደቡ በላይ ካለ ዳገት ላይ ነው። በሩን ሲከፍት ሜሮንን አየና እንደ መደገፍ ብሎ ጉበኑን ያዘ። "አፍንጫሽ የእሱ ነው" አላት።

የግርማን ቦርሳ ሳሎን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጠብቆናል። ልብሱን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ነው ያስቀመጠው። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ ራሱ ነው የተኮሰው። ሜሮን ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትከፍተው፣ "ፕሊስ ንገሩን" አለችው። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነገረን። እኔ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለተነሳ ለመጠለል ወደ አንድ ጠባብ ሰርጥ ገብተው ነበር። በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በተራሮች መሃል እንደ ክንድ እየገባ ብዙ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ዓሣ ሞልተው ስለነበር ጀልባዋ ከብዳለች። ከኋላ በኩል ያለው የጓዳ ክዳን በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ ሞገዱ በዚያ ሲገባ ማንም አላየም። መጀመሪያ ያወቀው ግርማ ነው። ከሞተሩ ጓዳ ወጥቶ "ውሃ አለ፣ ብዙ ነው" አለ፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

"እኔ የነፍስ አድኑን ራፍት ልፈታ ሄድኩ፣ እሱ ሬዲዮውን ያዘ" አለ አርኔ። "በቻናል አሥራ ስድስት ሜይዴይ፣ የድረሱልኝ ጥሪውን ሲል ሰማሁት። የጀልባዋን ስም ሦስት ጊዜ፣ ያለንበትን ቦታ፣ የሰዎቹን ቁጥር፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ነበር የሚናገረው። ከእኔ ይሻል ነበር። ከዚያ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ለቆ ያዳምጣል። መልስ የለም። እንደገና ይናገራል። ራፍቱ ተነፋ። ና ውጣ፣ ተወው አልኩት። እጁን እንዲህ አነሳልኝ።"

አርኔ መዳፉን ዘርግቶ አሳየን፤ ቆይ እንደማለት።

"'መልስ አላገኘሁም' አለኝ። ሁለተኛም ጠራሁት። 'አንድ ጊዜ ብቻ' አለኝ። ጀልባዋ የዞረችው ያኔ ነው። በኋላዋ ሰመጠችና ተገለበጠች። ራፍቱን ይዤ አምስት ሰዓት ቆየሁ። ሌሎች መርከቦችን የሚጎትት ጀልባ ባጋጣሚ ሲያልፍ አየኝ።"

ሜሮን ቦርሳውን አጥብቃ ይዛለች። እኔ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ ቀረሁ። መልስ እስክታገኝ ድረስ መነጋገሪያውን ከእጅህ እንዳትለቅ፤ ይህንን ለግርማ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መርከባችን ላይ የሞተር ክፍል ሰዎች ሬዲዮ እንዲለማመዱ ሲታዘዝ አለማማጁ እኔ ነበርኩ። እንደ ጸሎት ደጋግሜ አስብያቸዋለሁ። ትልቅ መርከብ ላይ ትክክል ነው፤ ለመስጠም ሰዓታት ይፈጅበታል። ሁለት ሰው በምትይዝ ጀልባ ላይ ግን ደቂቃ ነው ያለህ።

አርኔ ቡና ሊያቀርብልን ተነሳና መልሶ ተቀመጠ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ክረምቱን ሙሉ ቢከን ልግዛ ስል ነበር። ቢከን አንዴ ካበራኸው ራሱ ይጮሃል፤ አንተ ሥራህን ትሠራለህ። ተራራ ቢኖርም ሳተላይቱ ከላይ ሲያልፍ ይሰማዋል። ግርማ የባሕር ኃይል የሬዲዮ ሰው የሆነ ጓደኛ አለኝ ብሎ ጠየቀልኝ። ቪ ኤች ኤፉ ይበቃል አሉን። እኔም ወጪው ስለቀረልኝ ደስ አለኝና ተውኩት። ጀልባዋ የእኔ ናት፣ ውሳኔውም የእኔ ነበር። ያንን ጓደኛውን አልወቅስም።"

ከዚህ በኋላ የተባለውን በደንብ አላስታውሰውም። ያ ጓደኛ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሜሮን አንዴ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ መልሳ ወደ አርኔ።

ከሰዓት በኋላ አርኔ ጠረፉን በሬዲዮ ወደሚያዳምጡት ሰዎች ጣቢያ ወሰደን። ጀልባዋ በሰጠመችበት ቀን ተረኛ የነበረችው ሴት የሙሉ እኩያ ትመስላለች። የተጻፈውን መዝገብ አውጥታ ገጹን ወደ እኛ አዞረችው። በዚያ ሰዓት በቻናል አሥራ ስድስት ላይ ሁለት ጊዜ ሹሹታ መጥቶ ነበር። ቃል የለውም። የሆነ ቦታ አንድ ሰው መነጋገሪያ መጫኑን ብቻ የሚናገር ሹሹታ ነው።

"መቀበያዎቻችን ተራራ ጫፍ ላይ ናቸው" አለችን። "እንዲያም ሆኖ ድምፅ የማይወጣባቸው ሰርጦች አሉ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።"

"ከዚያስ ምን አደረጉ?" አለች ሜሮን።

"መለስኩለት። የጠራኸኝ ጣቢያ፣ ድገምልኝ፣ እየሰማሁህ ነው አልኩ። ሦስት ጊዜ። አካባቢው ያሉ ጀልባዎችም እንዲያዳምጡ ነገርኳቸው።" ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። "ምናልባት አልሰማኝም ይሆናል። እኔ ግን መልሼለታለሁ።"

ሜሮን ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ያን መስመር እንዳለ ገለበጠችው።

አራተኛው ቀን

አርኔ ከጎረቤቱ ጀልባ ተውሶ ወደ ቦታው ሊወስደን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጣ። በጎረቤቱ ጀልባ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ቪ ኤች ኤፉ፣ ኤስ ኤስ ቢው፣ ከግድግዳው ውጭ ተሰክቶ ጀልባዋ ብትሰጥም ራሱ ተላቆ የሚንሳፈፍ ቢጫ ቢከን። አርኔ ቢከኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

አራት ሰዓት ሄድን። ሰርጡ አፍ ላይ ስንደርስ የእጅ ቪ ኤች ኤፉን አንስቼ ሬዲዮ ቼክ፣ ይሰማል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የትናንትናዋ ሴት ድምፅ ወዲያው መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ አጠገባችን የቆመች ያህል። አመሰገንኳት። ከዚያ ገባን።

ተራሮቹ ከውሃው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ጫፋቸው ደመና ውስጥ ነው። ከገደሉ ላይ ቀጫጭን ፏፏቴዎች ይወርዳሉ፤ ከእነሱና ከሞተራችን በቀር ድምፅ የለም። ሁለት መታጠፊያ ካለፍን በኋላ አርኔ ሞተሩን ቀነሰና "እዚህ ነው" አለ። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ምንም የሚያመለክት ነገር የለውም።

"ይስጡኝ" አለች ሜሮን። ሬዲዮውን ሰጠኋት። የት እንደሚጫን አሳየኋት። በእንግሊዝኛ፣ በትምህርት ቤት ድምጿ፣ ሬዲዮ ቼክ ጠየቀች። ለቀቀችው። አዳመጥን። እንደገና ጠየቀች። ሦስተኛም። የመጣ ነገር የለም፤ ሹሹታ እንኳ የለም። እሷ መነጋገሪያውን እንደያዘች ፊቷ እየተለወጠ ሄደ፤ አባቷ የቆመበት ቦታ ቆማ መሆኗ ያኔ የገባት ይመስለኛል።

ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ሜሮን፣ አርኔ ያለው ጓደኛ እኔ ነኝ" አልኳት። "ቪ ኤች ኤፉ ይበቃችኋል ያልኩት እኔ ነኝ። መልስ ሳታገኝ አትልቀቅ ብዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።"

ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ከዚያ፣ "ተራራ እንዳለ ያውቁ ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም ነበር።"

"ጠየቁት?"

"አልጠየቅኩትም። ሱቅ ውስጥ ሰው ነበር። ቸኩዬ ነበር።"

"ኦኬ" አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ለማሚ እርስዎ ነዎት የሚነግሯት። እኔ አልነግርልዎትም።"

"እሺ።"

ሬዲዮውን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ አርኔ ሄደች፤ አጠገቡም ቆመች። አርኔ አማርኛ አይሰማም፤ ሆኖም የተባባልነው የገባው ይመስለኛል። ባርኔጣውን አውልቆ ዝናቡ ራሱ ላይ እየወረደ ቆመ። እኔ በተንበረከክሁበት የማውቃትን አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ነፍስ ይማር አልኩ። ግርማን በስሙ ጠራሁት፣ ይቅር በለኝም አልኩት። ሜሮን የአባቷን የሱፍ ሹራብ ከቦርሳው አውጥታ ለብሳ ነበር፤ እጅጌው ከጣቶቿ አልፎ ተንጠልጥሏል።

መመለሻ

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ቤንዚን ስሞላ ትወርዳለች፣ ውሃ ትገዛለች፣ ለእኔም አንድ ገዝታ ትሰጠኛለች፤ አንድ ቃል ግን የለም። ፕሪንስ ጆርጅ ስንሄድ ያደርንበት ሞቴል ስለሞላ ሌላ ፈለግን፤ ስልሳ ዶላር፣ ማሞቂያው የማይሠራ።

በማግስቱ ከጃስፐር ስንወጣ ወደ ፊት መጥታ ተቀመጠች። መንገዱ ላይ ስስ በረዶ ወርዶ ነበር።

"ዳዲ መርከብ ላይ እንዴት ነበር?" አለችኝ። "አይ ሚን፣ ወጣት ሆኖ።"

እንግዲህ ነገርኳት። ከሞተሩ ጓዳ ዘይት ተለውሶ ሲወጣ ጥርሱ ብቻ እንደሚታይ፣ የመርከቡ ማብሰያ ሲበላሽ ከቁራጭ ቧንቧ ሌላ ሠርቶ ሁላችንን እንዳበላን፣ ዋና ሳይችል ባሕር ኃይል ገብቶ ለስድስት ወር እንደደበቀን። እዚህ ላይ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባትና መኪናውን ዳር ላይ አቆምኩት። እስኪወጣላት ጠበቅኩ። እኔም አለቀስኩ። ነሐሴ ላይ ሞቱን ከሰማሁ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር።

ቤት

ዶቨር የደረስነው እሑድ አመሻሹ ላይ ነው። ለቅሶ ደራሹ ተበትኗል፤ ሙሉ ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሜሮን ቦርሳውን ከእናቷ እግር አጠገብ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እኔ ሳልቀመጥ፣ ከሚያዝያው ስልክ ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ስለ ሹሹታው፣ ስለ መልሱ፣ እጁን እንዴት እንዳነሳ።

ስጨርስ፣ "ልጄ ሰምታለች?" አለችኝ።

"ሰምታለች። እዚያው ነው የነገርኳት።"

"ያቺ ሴትዮ ስንት ጊዜ መለሰችለት አልከኝ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"እሱ ግን አልሰማም።"

"አልሰማም፣ ሙሉ።"

ጠረጴዛውን በእጇ ጠረገች፤ ምንም አልነበረበትም። "ተጣርቷል እንግዲህ" አለች። "ይህን ማወቅ ነበር የፈለግሁት።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ለአርባው ና። ጓደኛው ነህ፣ ሰው ታስተናግዳለህ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ሳልጠራህ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።"

ለአርባው ሄድኩ። ወንበር ተሸከምኩ፣ እጅ አስታጠብኩ፣ ካህናቱን በመኪና አመላለስኩ። ሙሉ ከሌላው እንግዳ ሳትለየኝ አመሰገነችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አልጠራችኝም። ክረምቱ አለፈ። ሜሮን አንዳንድ ቅዳሜ ፔንብሩክ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቴ ትደውልና፣ "ጋሼ፣ ማሚ ደህና ናት። እርስዎን ለመጥራት ግን ኖት የት፣ ገና ናት" ትለኛለች። አመሰግናትና እዘጋለሁ።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ረጅም አይደለም። የማውቀው ነገር እውነት የሚሆንበት ቦታ አለው። ሬዲዮን አውቃለሁ ብዬ መለስኩ፤ ግርማ ያለበትን ባሕር ግን አላውቅም ነበር፣ ለመጠየቅም ጊዜ አልሰጠሁትም። አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ይህን ማስታወሻ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ሱቄ መጣ። ሰለሞን ይባላል፤ እዚሁ ካልጋሪ ኤሪን ውድስ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ታክሲ ይነዳ ነበር። በምሥራቁ ጠረፍ የሎብስተር ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሥራ አግኝቶ በሚቀጥለው ወር ይሄዳል።

"ስለ ሬዲዮ ልጠይቅዎት ነበር" አለኝ። "ድንገት ነገር ቢመጣ ሰው የሚጠራበት። ምን ይሻላል?"

"ማን ነው ወደ እኔ የላከህ?"

"እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ባሕር ልሄድ መሆኑን ሰምተው አስጠሩኝ። 'ካሳሁን ዘንድ ሂድ፤ እሱ የሚልህን ሁሉ ሳትሰማ ጀልባ ላይ እንዳትወጣ' አሉኝ።"

የያዝኩትን መበየጃ ነቅዬ አስቀመጥኩ፣ በሩ ላይ ዝግ የሚለውን ሰሌዳ አዞርኩ፣ ወንበር አቀረብኩለት። መጀመሪያ የት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ካርታ ዘርግቼ ቦታውን በጣቱ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። ዳርቻው ገደል ነው ወይስ ሜዳ፣ ከወደቡ ምን ያህል ይርቃሉ፣ ስንት ሰው ናችሁ አልኩት። ቪ ኤች ኤፍ የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚሞት፣ ኤስ ኤስ ቢ ምን እንደሚፈልግ፣ ቢከን ለምን የግድ እንደሆነና በጀልባዋ ስም መመዝገብ እንዳለበት ነገርኩት። አንድ የእጅ ሬዲዮ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ወገብህ ላይ እሰር አልኩት። ጥሪህን በሥርዓቱ ተናገር፤ ራፍቱ ከተነፋ ግን መልስ መጣም አልመጣም መነጋገሪያውን ጥለህ ውጣ አልኩት። ይህንን ሁለት ጊዜ መልሶ እንዲልልኝ አደረግኩ።

ስልኩ ይጮሃል፤ አላነሳሁትም። ደንበኛ መስተዋቱን አንኳክቶ ሄደ። ሰለሞን የሚጠይቀውን ጨርሶ ሊነሳ ሲል፣ ቆይ ተቀመጥ አልኩትና የግርማን ነገር፣ የእኔንም፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።